ከመጨረሻው የብሎን ረድፍ ወዲህ፦ በከርሰ ምድር የከሰል ማዕድን ጣሪያን የመደገፍ አሠራር

ከመሬት በታች የከሰል ንብርብር ተቆፍሮ ሲወጣ፣ በላዩ የነበረው ዓለት የሚያርፍበትን ያጣና ሸክሙን ግራና ቀኝ ወደ ቀረው ከሰል ያዞራል። በመካከል የተንጠለጠለው ጣሪያ ያለ ድጋፍ የሚቆየው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያ ጊዜ በአንዱ ቦታ ሳምንታት፣ በሌላው ደቂቃዎች ሊሆን ይችላል፤ ቀና ብሎ አይቶ ልኩን የሚናገር ሰው ግን የለም። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ አጭር ነው፦ ድጋፍ ባልተደረገለት ጣሪያ ሥር ማንም ሰው፣ ለማንኛውም ጉዳይ፣ ለአንድ እርምጃ እንኳ አይገባም። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ሁሉ ይህ ሕግ ሥራ ሳያስቆም እንዲከበር ለማድረግ የተበጀ ነው።

አሠራሩ በአሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች፣ በተለይም በዌስት ቨርጂኒያና በኬንታኪ፣ መተላለፊያ እየቆረጡና በመካከሉ የከሰል ዓምድ እየተዉ በሚቆፍሩ ማዕድናት የሚሠራበት ነው፤ የድጋፍ ልኮቹም በአብዛኛው የአገሪቱ የፌዴራል ደንብ የሚጠቅሳቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች የሚቀርበው ከሰል በአብዛኛው አፈሩ ከላይ ተገፎ ስለሚወጣ፣ ለዚህ ሙያ የተለመደ የአማርኛ ቃል ብዙ አልተፈጠረም። እዚህ «ዓምድ» ሲባል ሳይቆፈር የሚተወው የከሰል ክፍል፣ «ምሰሶ» ሲባል ሰው የሚያቆመው እንጨት ወይም ብረት፣ «ግንባር» ሲባል ማሽኑ የሚቆርጠው የመጨረሻ የከሰል ገጽ፣ «ግድግዳ» ሲባል በመተላለፊያው ግራና ቀኝ ያለው የከሰል ጎን፣ «ብሎን» ሲባል ወደ ጣሪያው በተሰረሰረ ቀዳዳ ውስጥ የሚተከል ረጅም ብረት፣ «የብሎን ሰሌዳ» ሲባል ደግሞ በብሎኑ የታችኛው ጫፍ ጣሪያው ላይ የሚገጥመው ጠፍጣፋ ብረት ነው።

ከቁፋሮ በፊት፦ ዓምዱን ማስላት

ብሎን ተራራ አይሸከምም። ከመሬት ገጽ እስከ ከሰሉ ድረስ ያለውን ዓለት የሚሸከሙት ዓምዶቹ ናቸው፤ ብሎኑ የሚይዘው ከመተላለፊያው በላይ ያለውን ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ዓምዱ ሲታቀድ የተሠራ ስህተት በኋላ በብሎን ብዛት አይታረምም። በደቡብ አፍሪካ በኮልብሩክ ማዕድን እ.ኤ.አ. ጥር 21 ቀን 1960 ዓምዶች አንዱ ሌላውን እያስከተለ ተደርምሰው ከ430 በላይ ሠራተኞች ከመሬት በታች ቀርተዋል። ዛሬ በብዙ አገር በመነሻነት የሚያገለግለው የሳላሞንና የመንሮ የዓምድ ጥንካሬ ቀመር የተገኘው ያን አደጋ ተከትሎ በተካሄደ ምርምር ነው።

ስሌቱ ሁለት ነገሮችን ያነጻጽራል፦ በዓምዱ ላይ የሚያርፈውን ጫናና ዓምዱ የሚችለውን ጫና። በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 0.025 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ያህል ስለሚጨመር፣ በ200 ሜትር ጥልቀት ቁፋሮ ሳይነካው የነበረው ጫና 5 ሜጋፓስካል ይሆናል። መተላለፊያው 6 ሜትር ስፋት ካለውና የዓምዱ ጎን 18 ሜትር ከሆነ፣ ዓምዱ ከራሱ በላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ካለው መተላለፊያ ግማሹንም ይሸከማልና፣ 24ን ለ18 አካፍለን፣ ውጤቱን በራሱ አባዝተን፣ እንደገና በ5 ስናባዛው ወደ 8.9 ሜጋፓስካል ይመጣል። በሳላሞንና በመንሮ ቀመር ጥንካሬው የሚገኘው የዓምዱን ስፋት በ0.46 አርቢ አስልቶ፣ ከፍታውን በ0.66 አርቢ አስልቶ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው በማካፈልና በ7.2 በማባዛት ነው፤ ከሰሉ 2 ሜትር ከፍታ ካለው 17.2 ሜጋፓስካል ይሆናል። ጥንካሬው ከጫናው 1.9 እጥፍ ነው ማለት ነው፤ ተመራማሪዎቹ ለዘለቄታው ከመከሩት 1.6 ስለሚበልጥ ያስኬዳል።

አሁን ብዙ ከሰል ለማውጣት ሲባል ያው ዓምድ ወደ 12 ሜትር ይቀነስ እንበል። ጫናው 11.25፣ ጥንካሬው 14.3 ይሆንና ንጽጽሩ ወደ 1.27 ይወርዳል። በዚህ ላይ አንድ ሰው ወለሉ ላይ የቀረውን 1 ሜትር ከሰል አይቶ «ይህስ ለምን ይቅር?» ብሎ ከፍታውን 3 ሜትር ቢያደርሰው፣ ጥንካሬው ወደ 10.9 ይወርድና ከጫናው ያንሳል። የዓምዱ ስፋት በካርታ ላይ ስለሚታይ ሁሉም ይጠነቀቅለታል፤ ከፍታው ግን በማሽን ሾፌሩ እጅ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሊጨምር የሚችል ነገር ስለሆነ፣ በየፈረቃው በሜትር ተለክቶ መመዝገብ አለበት። 7.2 የሚለው ቁጥር ለደቡብ አፍሪካ ከሰል የወጣ ነው፤ አሜሪካውያን በራሳቸው ቀመር ይሠራሉ፣ አካሄዱ ግን ተመሳሳይ ነው።

ጣሪያውን ማወቅና ዕቅዱን መጻፍ

ከከሰሉ በላይ ምን ዓይነት ዓለት በምን ያህል ውፍረት እንደተነባበረ የሚታወቀው በቁፋሮ ናሙና ነው። ወፍራም የአሸዋ ድንጋይ ጥሩ ጣሪያ ነው። በስስ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ የጭቃ ድንጋይ ግን ንብርብሮቹ እርስ በርስ እየተላቀቁ ይረግባል፤ በመካከሉ የእጅ መዳፍ ውፍረት ያላት ሌላ የከሰል ንብርብር ካለች ደግሞ መላቀቁ የሚጀምረው ከእርሷ ነው። ብሎን በሁለት መንገድ ይሠራል፦ ደካማውን ንብርብር ከላዩ ካለው ጠንካራ ዓለት ጋር ያንጠለጥላል፣ ወይም ጠንካራ ዓለት በቅርብ ከሌለ ስስ ንብርብሮቹን አጣብቆ እንደ አንድ ወፍራም አግዳሚ እንዲሠሩ ያደርጋል። በመጀመሪያው መንገድ የሚሠራ ብሎን ጫፉ ወደ ጠንካራው ዓለት በቂ ያህል መዝለቅ አለበት፤ ርዝመቱን የሚወስነው የናሙናው መዝገብ እንጂ መጋዘን ውስጥ የተረፈው ብሎን አይደለም።

የብሎኖቹ ርቀት በቁመትም በወርድም ከ5 ጫማ፣ ማለትም ከ1.5 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ደንቡ በመለኪያነት ያስቀምጣል። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ብሎን 1.5 በ1.5 ሜትር ጣሪያ ይደርሰዋል፤ የላላው ንብርብር 1 ሜትር ውፍረት ካለውና አንድ ሜትር ኩብ ዓለት 2.5 ቶን ከመዘነ፣ በዚያ ብሎን ላይ የሚንጠለጠለው 5.6 ቶን ነው። 19 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደ የብሎን ብረት መለጠጥ የሚጀምረው ወደ 12 ቶን አካባቢ ስለሆነ፣ ከእጥፍ ትንሽ የሚበልጥ መጠባበቂያ ይኖራል። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 2 ሜትር ቢሰፋ ግን ሸክሙ 10 ቶን ይደርስና መጠባበቂያው ሊያልቅ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። «ግማሽ ሜትር ምን አላት?» የሚል ሰው ይህን ሒሳብ በወረቀት ይሥራው።

ዓለቱ የሚጫነው ከላይ ወደ ታች ብቻ አይደለም፤ በአግድምም ይገፋል፣ በአንዳንድ ቦታም የአግድሙ ግፊት ከቁልቁሉ ይበልጣል። በምሥራቅ አሜሪካ ትልቁ የአግድም ግፊት በአብዛኛው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ አቅጣጫ አለው። በዚህ አቅጣጫ የተቆረጠ መተላለፊያ ደኅና ሲቆም፣ እርሱን አቋርጦ የተቆረጠው ጣሪያው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ እየተፈረፈረ ጉድባ የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ ረጃጅሞቹ መተላለፊያዎች ከግፊቱ ጋር ትይዩ እንዲሆኑ ካርታው ሲነደፍ ማዞር፣ በኋላ በሺህ የሚቆጠር ተጨማሪ ብሎን ከመትከል ይረክሳል።

ይህ ሁሉ «የጣሪያ ቁጥጥር ዕቅድ» በሚባል ሰነድ ይጻፋል፤ በአሜሪካ ሰነዱ በፌዴራሉ የማዕድን ደኅንነትና ጤና አስተዳደር ሳይጸድቅ ሥራ አይጀመርም፣ በየ6 ወሩም ይገመገማል። ዕቅዱ ዝቅተኛው ልክ መሆኑን ሠራተኛው ሁሉ ሊያውቅ ይገባል። ጣሪያው ሲከፋ ከዕቅዱ በላይ መደገፍ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ከዕቅዱ በታች መደገፍ ግን ማንም ሊፈቅደው አይችልም።

ፈረቃው ሲጀመር፦ ማየት፣ ማንኳኳት፣ ማውረድ

ወደ ሥራ ቦታ የሚገባ ሰው ከመሣሪያው በፊት ጣሪያውን ይመረምራል። በመብራቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየጠረገ አዲስ ስንጥቅ፣ የተጣመመ የብሎን ሰሌዳ፣ ከጣሪያው የተለየ ብሎን፣ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ ወለል ላይ ትናንት ያልነበረ ፍርፋሪ፣ ከግድግዳው የተገነጠለ ከሰል መኖሩን ያያል። ሰሌዳ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከታየ ብሎኑ ሸክም እየተቀበለ ነው፤ ሰሌዳው ሳይጎዳ ዙሪያው ያለው ዓለት ብቻ ረግፎ ከሆነ ደግሞ ብሎኑ ምንም አልያዘም።

ከዚያ ማንኳኳት ይቀጥላል። መርማሪው ድጋፍ ባለው ጣሪያ ሥር፣ ወደ ኋላ መሸሻው ክፍት በሆነ ቦታ ይቆማል፤ የአንድ እጁን ጣቶች ጫፍ ጣሪያው ላይ ያሳርፍና በሌላው እጁ በያዘው ድጅኖ ዓለቱን ይመታል። ገበያ ላይ ማሰሮ የሚገዛ ሰው በጣቱ ቆርቆር አድርጎ የተሰነጠቀውን ከደኅናው እንደሚለይ፣ ጠንካራ ጣሪያም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ጆሮ በማሽን ጩኸት ሊታለል ስለሚችል ጣቶቹ የሚነግሩት ይበልጣል፤ የላላ ዓለት ሲመታ ጣት ጫፍ ላይ ይርገበገባል። ጣሪያው ከፍ ብሎ እጅ የማይደርስ ከሆነ በድጅኖው ጫፍ ብቻ ይሞከራል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በጣም ወፍራም ሆኖ የተላቀቀ ንብርብር እንደ ጠንካራ ዓለት ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ስለዚህ ጥሩ ድምፅ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

የላላ ነገር ሲገኝ ወይ ይወርዳል፣ ወይ ይደገፋል፤ ከሁለቱ አንዱ እስኪሆን ድረስ ቦታው በምልክት ይዘጋል። ለማውረጃ የሚያገለግለው ድጅኖ ሰውየው ከሚወድቀው ዓለት ሥር ሳይሆን ከጎኑ ርቆ መቆም የሚያስችለው ርዝመት ሊኖረው ይገባል። እግር ተከፍቶ፣ ጀርባ ወደ መሸሻው ሆኖ፣ ከተደገፈው ጎን ወዳልተደገፈው እየተገፋ ይሠራል። ድጅኖው በደረት ትይዩ ሳይሆን ከሰውነት ጎን ይያዛል፤ ዓለቱ ሲወርድ የድጅኖውን ሌላ ጫፍ ይዞ እንዳይመጣ ነው።

በአፓላቺያ ማዕድናት ለብቻው ሊጠቀስ የሚገባው ጠላት ሠራተኞቹ «የድስት ቂጥ» የሚሉት ነው። የከሰል ረግረጉ ደን በነበረበት ዘመን ቆሞ የተቀበረ የዛፍ ግንድ ወደ ድንጋይ ተለውጦ ጣሪያው ውስጥ ቀርቷል። ከሥር ሲታይ ክብ ነው፤ ቅርፊቱ የነበረበት ዙሪያው በስስ የከሰል ቀለበት ተከብቧል፤ ያ ቀለበት ለስላሳ ስለሆነና ግንዱም ወደ ታች ስለሚሰፋ፣ ከሥሩ ያለው ከሰል ሲወሰድ የሚይዘው ነገር የለም። ሳይንኮሻኮሽና ፍርፋሪ ሳይጥል በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በመብራት ብርሃን እንደ ጥቁር ቀለበት የሚታይ ክብ ምልክት የተመለከተ ሰው ሥሩ ቆሞ ሊያንኳኳው አይገባም፤ ከጎን ሆኖ አሳይቶ፣ ሰፊ ሰሌዳና የብረት ማሰሪያ ባላቸው ብሎኖች በዙሪያው ወደ ደኅናው ዓለት እንዲታሰር ማድረግ ነው ያለበት። ግንዱን ራሱን መሃሉን በስቶ አንድ ብሎን መትከል ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው፤ ብሎኑ ግንዱ ውስጥ ብቻ ከቀረ ከግንዱ ጋር አብሮ ይወርዳል።

መቁረጥ

የመቁረጫ ማሽኑ ሾፌር ማሽኑን በርቀት መቆጣጠሪያ ይነዳል፤ እርሱ ከመጨረሻው የብሎን ረድፍ ወዲህ ቆሞ ማሽኑ ብቻ ወደ ፊት ይገባል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ርዝመት በዕቅዱ ተወስኗል፤ አንዳንድ ማዕድናት በልዩ ፈቃድ እስከ 40 ጫማ፣ ወደ 12 ሜትር ድረስ ይቆርጣሉ። ጣሪያው መጥፎ ሲሆን ፈቃድ ኖረም አልኖረም ቁርጡ ይታጠራል፤ ያልተደገፈ ጣሪያ ርዝመቱ ባጠረ መጠን መቆሚያ ጊዜው ይረዝማልና። ማሽኑ ያልተደገፈ ጣሪያ ሥር ቢበላሽ ለመጠገን ማንም አይገባም፤ በሌላ ማሽን ተጎትቶ ይወጣል፣ ወይም ጊዜያዊ ድጋፍ እየተደረገ ወደ እርሱ ይቀረባል። ማሽኑና የግድግዳው ከሰል ሰው የሚያጣብቁበትን ቦታም አለመርሳት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ ደንብ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ሰው ሲቀርብ ራሱ የሚያቆም መሣሪያ እንዲገጠም ያዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ማሽኑ እንደወጣ የመጨረሻው የብሎን ረድፍ ላይ በሩቅ የሚታይ ምልክት ይንጠለጠላል፤ በአብዛኛው የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ ነው። ምልክቱ የሚነሳው የብሎን ሠራተኞቹ ሥራ ሲጀምሩ ብቻ ነው።

ብሎን መትከል

የብሎን ማሽኑ ከፊቱ የሃይድሮሊክ ክንድ አለው፤ ሠራተኛው ወደ ፊት ከመቅረቡ በፊት ክንዱ ወደ ጣሪያው ተነሥቶ በግፊት ይጣበቃል። ይህ ጊዜያዊ ድጋፍ በሚሸፍነው እያንዳንዱ ካሬ ጫማ ጣሪያ 450 ፓውንድ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ከ11,250 ፓውንድ፣ ማለትም ከ5 ቶን ያላነሰ ሸክም መቻል እንዳለበት ደንቡ ይናገራል። ክንዱ ጣሪያውን በግማሽ ጎኑ ብቻ ከነካ፣ ለምሳሌ ጣሪያው ወጣ ገባ ሲሆን፣ እንደ ድጋፍ አይቆጠርም፤ ወርዶ ቦታው ተስተካክሎ እንደገና ይነሣል።

አሁን ወደ አንዷ ብሎን እንምጣ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በሬዚን፣ ማለትም ተደባልቆ በሚደርቅ ማጣበቂያ፣ የሚጣበቀው የብሎን ዓይነት ስለሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሄዳል።

1. ቀዳዳው ይሰረሰራል። ለ19 ሚሊሜትር ብረት የተለመደው ቀዳዳ 25 ሚሊሜትር ነው። መሰርሰሪያው አልቆ ወይም ተጣሞ ቀዳዳው ከሰፋ ሬዚኑ በደንብ አይደባለቅም፤ በጥልቀቱ ከብረቱ ርዝመት በጣት ውፍረት ያህል ብቻ ሊበልጥ ይገባል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ሬዚኑ ላይ ቀርቶ የታችኛው ብረት ባዶውን ይሆናል። መሰርሰሪያው ድንገት ወደ ላይ ካፈተለከ ስንጥቅ ወይም ባዶ ቦታ አግኝቷል፤ የአቧራው ቀለም ከተለወጠ ንብርብሩ ተለውጧል። ልምድ ያለው ሠራተኛ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ጣሪያውን እንደገና ያነባል፤ ያገኘውንም ለፎርማኑ ይናገራል። የአቧራ መምጠጫው ሳይሠራ አይሰረሰርም፤ የዓለቱ አቧራ ሲሊካ አለበትና ሳንባን ያበላሻል። የሚሽከረከረውን ብረት በእጅ፣ በተለይ በጓንት፣ መያዝ ፈጽሞ ክልክል ነው።

2. የሬዚኑ ካርቶሪ፣ ማለትም ሬዚኑ የታሸገበት ቱቦ፣ ይታያል። ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለያዩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንዱ ማጣበቂያው፣ ሌላው ማድረቂያው። ሳጥኑ ላይ ያለው የአገልግሎት ጊዜ ያለፈበት፣ ሲጫኑት የደደረ ወይም የፈሰሰ ካርቶሪ ይጣላል። ከማሽኑ ሞተር አጠገብ ለሰዓታት የተቀመጠ ሳጥን ባሕርዩ ስለሚለወጥ ከመድረቂያ ጊዜው በፊት ይደርቃል።

3. ካርቶሪው ገብቶ ብረቱ ወደ ላይ ይገፋል፤ አምራቹ ባዘዘው መሠረት እየተሽከረከረ ካርቶሪውን ይቀድዳል። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ለተጻፉት ሰከንዶች ያህል ብቻ ይሽከረከራል። ይህ የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው፤ ብዙ ብሎን የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ያነሰ ከሆነ ሁለቱ ነገሮች አይደባለቁም፤ የበዛ ከሆነ መጣበቅ የጀመረው ሬዚን ተሰባብሮ ዱቄት ይሆናል፤ ከውጭ የሚታይ ልዩነት ግን የለም። ሰዓቱን በልብ ከመገመት በቃል መቁጠር ይሻላል።

4. ሽክርክሪቱ ይቆምና ብረቱ በማሽኑ ግፊት ወደ ላይ እንደተገፋ ሬዚኑ እስኪይዝ ይጠበቃል። ቸኩሎ ማውረድ ብረቱን ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ያደርገዋል፤ ሰሌዳውም ከጣሪያው ይለያል።

5. ሰሌዳው በዙሪያው ሁሉ ከጣሪያው ጋር መግጠሙ ይታያል። በእጅ ሲነካ የሚንቀሳቀስ ሰሌዳ ካለ ያ ብሎን እንደሌለ ተቆጥሮ ከጎኑ ሌላ ይተከላል። ለሽፋን ሲባል ሽብልቅ መሰግሰግ ራስን ማታለል ነው።

በሬዚን መጣበቅ ብቻ ሳይሆን በማጥበቅ የሚሠሩ፣ ማለትም ተወጥረው የሚታሰሩ ብሎኖች ሲሆኑ ደግሞ፣ እያንዳንዱ የመሰርሰሪያ ጭንቅላት የተከለው የመጀመሪያው ብሎን ወዲያው በማጥበቂያ መለኪያ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ከየአራቱ ቢያንስ አንዱ ይለካል። አንዱ ከልኩ ውጭ ከሆነ የጎረቤቶቹም ይታያሉ። ረድፉ ሲያልቅ ማሽኑ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ክንዱ የሚወርደው ግን ሠራተኞቹ በተተከሉት ብሎኖች ሥር መሆናቸው ከታየ በኋላ ነው።

መገናኛዎች

ሁለት መተላለፊያዎች በሚሻገሩበት ቦታ ጣሪያው ከሁሉ ይበልጥ ይወድቃል። 6 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት መተላለፊያዎች ሲገናኙ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ሰያፍ 8.5 ሜትር ነው። የጭነት መኪናው እንዲታጠፍ ተብሎ ጥጎቹ ሲሸረፉ ሰያፉ ወደ 10 ሜትር ይደርሳል፤ ጣሪያው ላይ የሚላቀቀው ዓለት ደግሞ በወርድም በከፍታም ስለሚያድግ ክብደቱ ከሰያፉ ይልቅ በፍጥነት ይጨምራል። ስለዚህ መገናኛ ከመከፈቱ በፊት እዚያ ላይ ረዘም ያሉ ብሎኖች ወይም ከተገመደ የብረት ሽቦ የተሠሩ የኬብል ብሎኖች ይተከላሉ፤ ሰያፉ በሜትር ተለክቶ ይመዘገባል፤ ከተቻለም በአራት አቅጣጫ ከሚሻገር ይልቅ በሦስት አቅጣጫ የሚገናኝ ይመረጣል። ከ20 ጫማ በላይ የሰፋ ቦታ በብሎን ብቻ አይታመንም፤ ምሰሶ ይጨመርበታል።

ምሰሶ ሲቆም ወለሉ ተጠርጎ ጠንካራው ዓለት ላይ ይቆማል፣ ከላዩ ጠፍጣፋ እንጨት ይደረጋል፣ በሽብልቅም ይጠብቃል። ለከባድ ሸክም የእንጨት ርብራብ ይሠራል፤ ግንዶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በመስቀል እየተደራረቡ እስከ ጣሪያው ይደርሳሉ። ርብራብ ብዙ ይሸከማል፤ ነገር ግን መሸከም የሚጀምረው ጣሪያው ጥቂት ከወረደ በኋላ ስለሆነ ጣሪያው እየረገበ እስኪታይ ጠብቆ መሥራት አይገባም።

ከተደገፈ በኋላ መከታተል

ድጋፉ በቂ መሆኑን የሚናገረው ጣሪያው ራሱ ነው። ለዚህ የተሠራው ቀላሉ መሣሪያ በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው ቴልቴል ነው፦ ከብሎኖቹ በላይ በዘለቀ ቀዳዳ ውስጥ በተለያየ ከፍታ የተያዙ ሁለት ሽቦዎች ወደ ታች ይወርዱና ጫፋቸው ላይ ባለቀለም ቧንቧ ይንጠለጠላል። አንዱ ብሎኖቹ በሚደርሱበት ከፍታ ውስጥ ያለውን መላቀቅ፣ ሌላው ከዚያ በላይ ያለውን ያሳያል። በመጀመሪያው ብቻ እንቅስቃሴ ካለ ብሎኖቹን ማብዛት ይበቃ ይሆናል፤ በሁለተኛው ካለ ግን የላላው ዓለት ከብሎኖቹ በላይ ነውና ብዛታቸው አይጠቅምም፣ ረዘም ያለ ኬብል ወይም ምሰሶ ነው የሚያስፈልገው። ንባቡ በቀንና በሰዓት ካልተጻፈ ዋጋ የለውም፤ አሳሳቢው የእንቅስቃሴው መጠን ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

ጊዜና አየር ጣሪያን ይለውጣሉ። በአፓላቺያ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ሞቃትና እርጥብ አየር በነፋስ ማስገቢያው ወርዶ ከቀዝቃዛው ዓለት ጋር ሲገናኝ ውኃ ይቋጥራል፤ የጭቃ ድንጋዩም ያን ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይፈረፈራል። በቀዝቃዛው ወራት ደኅና የነበረ መተላለፊያ በሐምሌና በነሐሴ ብሎኖቹ ሳይነቃነቁ በመካከላቸው ያለው ዓለት እየረገፈ ሊታይ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሽቦ መረብ ነው።

ጣሪያው ከብሎኖቹ መያዣ በላይ ከወደቀ፣ ሰው ባይጎዳም፣ የአሜሪካ ደንብ እንደ አደጋ ይቆጥረዋል፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ለተቆጣጣሪው ይነገራል፣ በካርታም ላይ ምልክት ይደረግበታል። በጥቂት ወራት ምልክት የተደረገባቸውን ውድቀቶች በአንድ ካርታ ላይ ማየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል፤ በአንድ መስመር ተሰልፈው ከተገኙ በዓለቱ ውስጥ ስብራት አለ፣ ወይም የአግድም ግፊቱ አቅጣጫ ተስቷል። የወደቀውን ሲያጸዱም ከደኅናው ጣሪያ ተነሥቶ፣ እየደገፉና እያጸዱ ነው የሚቀረበው፤ ክምሩ ላይ ወጥቶ ወደ ጉድጓዱ ማየት አይፈቀድም።

ወደ ኋላ እየተመለሱ ዓምድ ማውጣት

አካባቢው ተቆፍሮ ሲያልቅ አንዳንድ ማዕድናት ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ እየተመለሱ ዓምዶቹን ራሳቸውን ያወጣሉ። እዚህ ጣሪያው እንዲወድቅ ታስቦ ስለሚሠራ ከሁሉ የከፋው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 2007 በዩታ ክራንዳል ካንየን ማዕድን፣ ትልልቅ የመከላከያ ዓምዶች እየተወሰዱ ባለበት ጊዜ ከሰሉ በጫና ፈንድቶ 6 ሠራተኞችን ቀበረ፤ በ10ኛው ቀን ደግሞ ግድግዳው እንደገና ፈንድቶ ከሚፈልጓቸው መካከል 3ቱን ገደለ።

በዚህ ሥራ የሚጠበቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፣ ግን አንዱም አይዘለልም። ጥልቀቱና የዓምዶቹ ስፋት በድጋሚ ይሰላል፤ በአቅራቢያ ቀድሞ የወጣ ቦታ ካለ የእርሱ ሸክም ይደመራል። በርቀት የሚነዱ የሃይድሮሊክ ድጋፎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከማሽኑ አጠገብ ይቆማሉ፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ጣሪያውን እንደያዘ ይቆያል። የዓምዱ የመጨረሻ ጥግ፣ ብዙ ሰው «ያችን እንኳ እንውሰዳት» የሚላት፣ መጠኗ በዕቅዱ ተጽፎ ትቀራለች፤ መገናኛውን የምትይዘው እርሷ ናትና። ለሥራው የማያስፈልግ ሰው ከዚያ አካባቢ ይወጣል። ከሰሉ መንኮሻኮሽ፣ ግድግዳው መትፋት፣ ምሰሶዎቹ መጮህ ሲጀምሩ ማሽኑን ለማውጣት አይዘገይም፤ ሰው ይወጣል፣ ማሽኑ ይቀራል። ከዚያ መግቢያዎቹ በምሰሶ ይታጠሩና ምልክት ይደረግባቸዋል፤ የሚቀጥለው ፈረቃ ፎርማንም ከመግባቱ በፊት የትኛው መገናኛ እንደተዘጋና ቴልቴሉ ለመጨረሻ ጊዜ ስንት እንዳነበበ በጽሑፍ ይረከባል።